ለእትዬ የሚሆን ዛፍ

ልብስ ሰፊዋ መቀሷን አስቀምጣ ወደ ግቢው ስትወጣ ወንድሟ ከባድ መኪናውን በር ላይ አቁሞ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ መሬቱን በዓይኑ ሲለካ አገኘችው። የእንጀራ እናታቸው እትዬ ካረፈች ወራት አልፈዋል። ዝናቡ ሳይወጣ በስሟ አንድ ዛፍ እንትከል በሚለው ሁለቱም ተስማምተዋል። ያልተስማሙት በዛፉ ዓይነት ነው።

«አቮካዶ ይሁን» አለ ወንድሟ። «የበላ ሁሉ እትዬን ይመርቃታል።»

«እሷ መቼ አቮካዶ ወዳ? ሳሙና ሳሙና ይለኛል ትል አልነበር?»

«እሺ፣ አበባ የሚያወጣ ይሁና።»

«አበባው ሲረግፍ ግቢው ቆሸሸ ብላ ከመቃብር የምትነሳ ነው የሚመስለኝ።»

ተሳሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን እትዬ የማትወደውን እንጂ የምትወደውን እንደማያውቁ ገባቸው።

እትዬ ወደዚህ ቤት የገባችው የወለደቻቸው እናታቸው በሞተች ባመቱ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ገና ትምህርት መጀመሯ ነው፤ ወንድሟ ድክ ድክ ይላል። ሰፈርተኛው «እንጀራ እናት መጣችባቸው» ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። ወንድሟ ትኩሳት ሲጥለው አዝላው ጤና ጣቢያ ስትሮጥ ያየ ግን አፉን ያዘ። ልጅቷ ፈተና ወድቃ ስታለቅስ እትዬ እንባዋን ጠረገችላትና የራሷ ስፌት መኪና ፊት አስቀመጠቻት። «ቀጥ አድርጎ ለመስፋት ፈተና ማለፍ አያስፈልግም፤ በይ እግርሽን መርገጫው ላይ አድርጊ» አለቻት። ያ ሙያ ዛሬ ትዳሯንም ልጆቿንም ያኖራል። እትዬ ግን ለራሷ «ይሄ አማረኝ» ስትል የሰማት የለም። አዲስ ቀሚስ ሲሰፋላት እንኳ «ለደግ ቀን ይቀመጥ» ነበር መልሷ።

አባታቸው በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሄደው ጠየቋቸው።

«እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ?» አሉ ሽማግሌው። «ምን ትወጃለሽ ስላት የእናንተን ስም ነበር የምትጠራልኝ። ይልቅ ነርሷን ጠይቋቸው፤ እሳቸው ጋ የማታወራው አልነበረም።»

ነርሷ ጡረታ የወጡ የአጥር ጎረቤት ናቸው። ጉዳዩን ሲሰሙ ወንበር እንኳ ሳያቀርቡ ልጆቹን ይዘው ወደ ጓሯቸው ዞሩ፤ አንድ ትልቅ ሎሚ ሥር ቆሙ።

«ይሄ የእሷ ነው» አሉ።

«እንዴት?»

«ሙሽራ ሆና ስትመጣ ከእናቷ ቤት በጣሳ ይዛው መጣች፤ ችግኝ ነበር። ግቢያችሁ ውስጥ ያኔ ፀሐይ የሚያገኘው አንድ ቦታ ነው፤ እዚያ ደግሞ እናታችሁ የተከለችው ዘይቱን ቆሟል። እኔ ሞኟ፣ አስቆርጪው እንጂ፣ ቤቱ አሁን ያንቺ አይደል አልኳት። በዓይኗ ልትበላኝ ምንም አልቀራት። ‹ልጆቹ እናታቸውን የሚያዩበት እሱ ነው። እሱን ቆርጬ በየት በኩል እናት ልሆናቸው?› ብላ ጣሳውን በአጥር አቀበለችኝ። ለአባታችሁም አልነገረችም።»

ልብስ ሰፊዋ ዛፉን ተደግፋ ቆመች። እትዬ በበሰለው ዘይቱን ዝንብ እየተማረረች፣ በበጋ ግን የልብስ እጣቢውን እየተሸከመች ሥሩ ላይ ስታፈስ ታየቻት። የተሰነጠቀ ቅርንጫፉን በገመድ ያሰረችውም እሷ ነበረች። ልብስ ሰፊዋ ልጅ ሆና አኩርፋ ዘይቱኑ ላይ ስትወጣ ማንም ውረጂ ብሏት አያውቅም። ሁለት እናት ነበረኝ፣ አንዷ ሌላዋን ጠበቀችልኝ ብላ አሰበች። እንባዋ ቢመጣም የኀዘን አልነበረም።

ሎሚው ሥር ከወዳደቀው ፍሬ የበቀሉ ችግኞች ነበሩ። ነርሷ ቀጥ ያለውን መርጠው ከነአፈሩ ነቀሉላቸው።

ግቢያቸው ሲመለሱ ወንድሟ ዘይቱኑን ቀና ብሎ አየው። ልብስ ሰፊዋ ደነገጠች። «እሷ ያልቆረጠችውን?»

«ማን ቁረጥ አለ? የውሃ ሮቶውን ነው የምናነሳው። ማድ ቤቱ ከፈረሰ ወዲህ እዚያም ፀሐይ አለ።»

ውሃውን አፍስሰው ሮቶውን እየገፉ ወደ ጥግ ወሰዱት። ወንድሟ ጉድጓዱን ቆፈረ። ታሪኩን ሲነግሯቸው አባታቸው ከዘራቸውን ለልጃቸው አቀብለው ተንበረከኩና አፈሩን በእጃቸው መለሱት። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ፣ ሰው እንደሚያመሰግኑ ሁሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ወንድሟ በማግስቱ ጭነት ይዞ ወጣ። ከመንገድ ሲደውል ስለ ልጆቹ እንኳ ሳይጠይቅ፣ «እንዴት አደረች?» አለ።

«ደህና አድራለች» አለችው ልብስ ሰፊዋ፣ የስፌት ክፍሏን መስኮት ከፍታ ሎሚዋን እያየች። «አባባ አጠገቧ ወንበር አስወጥተው ተቀምጠዋል።»