በመንገዳችን መሀል ያለፈው ወሰን

አለቃዬ «የዘጠነኛውን የምርጫ ክልል ታሪክ በሁለት ገጽ ጽፈሽ አምጪ» ሲለኝ ቀላል መስሎኝ ነበር። በምርጫ ቢሮው መዝገብ ቤት ስሠራ አሥር ዓመቴ ነው። ማን ለክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ተመረጠ፣ በስንት ድምፅ፣ አለቀ። ወይ ሁለት ገጽ! የምርጫ ክልሉ ወሰን ስድስት ጊዜ ተቀይሯል። ባለሥልጣን በተለወጠ ቁጥር መስመሩን እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ከአንዱ ግቢ ፈትተው ሌላው ግቢ ያስሩታል። ሦስት ቀን ሙሉ አቧራ ስውጥ ሰነበትኩ።

በአራተኛው ቀን አባቴ የተወዳደረበት ዓመት ላይ ደረስኩ። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ ያኔ የተሸነፈው በአንድ ድምፅ ነበር። «ያቺን አንዲት ድምፅ የነፈገኝ ታላቅ ወንድሜ ነው» ብሎ፣ ከመንገዱ ማዶ ከሚኖረው አጎቴ ጋር ከተኳረፈ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። አጎቴ «ስምህ መዝገቡ ላይ የለም ብለው መለሱኝ» ቢል ማን ሰምቶት! አሁን ደግሞ ቅዳሜ ጓዙን ጠቅልሎ ሌላ ከተማ፣ ልጁ ዘንድ ሊገባ ነው።

የዚያን ዓመት ካርታ ዘረጋሁ። ምርጫው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ወሰኑን በመንገዳችን መሀል አሳልፈውታል። የእኛ ወገን ዘጠነኛ፣ የአጎቴ ወገን አሥረኛ። ሰውዬው ቢፈልግም ለአባቴ ድምፅ መስጠት አይችልም ነበር።

ግልባጩን ይዤ ወደ ቤት በረርኩ። አባቴ የስፌት መኪናው ላይ እንዳጎነበሰ ወረቀቱን አየት አደረገና «አውቀዋለሁ» አለኝ።

«ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ካርታውን ነዋ። በምርጫው ማግስት አሳይተውኛል።»

«ታዲያ ለምን አልታረቅክም አባዬ?»

«በሰው ፊት ከሃዲ ብዬዋለሁ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በየትኛው ዓይኔ ልየው?»

ደሜ ፈላ። እኔ እኮ ልጅ ሆኜ አጎቴ «ደህና ነሽ የኔ ልጅ?» ሲለኝ፣ አባቴን አስቀይማለሁ ብዬ አንገቴን ደፍቼ ነበር የማልፈው። አንድ ቀን እንኳ «ደህና ነኝ» ብዬው አላውቅም። ይኼ ሁሉ ዓመት የተቃጠለው ለአባቴ ኩራት ነው።

«እንግዲያው እኔ ሄጄ እነግረዋለሁ» ብዬ ተነሣሁ።

መስፋቱን ቀጠለ። ደጃፉን አልፌ ስወጣ ግን ከበስተኋላዬ ጮኸ።

«አባቴ ላከኝ እንዳትዪው!»

«አልላክኸኝማ» አልኩት።