እሳትና ውሃ ጎን ለጎን

«ነገ ሠልስት ነው፤ ቄሶቹ ሳይመጡ ይህ ነገር ከግቢው ይውጣ» አለ ዓባይነህ፣ ወደ ሟች ወንድሙ ሚስት ወደ አሰጋሽ ጎንበስ ብሎ። «ይህ ነገር» ያለው ከድንኳኑ ጀርባ ላስቲክ ለብሶ የቆመውን የሳህሉን ቴሌስኮፕ ነው። ከሸዋ ቤንች የመጡ ለቀስተኞች ሟቹ ኮከብ ቆጣሪ ነበር እንዴ እያሉ ሲንሾካሾኩ ሰምቷል። የወንድሙ ስም የጠንቋይ ስም ሆኖ እንዲቀር አይፈልግም። ወደ ማጂ ሲመለስ ጭኖት ይሄዳል፤ የት እንደሚጥለው እሱ ያውቃል።

አሰጋሽ እሺ አለች። ባሏ ሳህሉ ክፍል ውስጥ ቆሞ ሲያስተምር ልቡ ቀጥ ማለቱን ለመጣ ሁሉ ስታወራ ድምጿ አልቋል፤ እንደ አዲስ የሚጠይቅ ግን አይጠፋም። የደከመ ሰው እሺ ይላል። እሺ ካለች በኋላ ግን ባሏን ዳግመኛ ከቤት ያወጡባት መሰላት።

ኮከብ ያስቆጠረውማ ማን ሆነና። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ሳህሉ ሽማግሌ ሊልክ ሲል፣ የሁለቱን ስም ከነእናታቸው ስም ይዞ ደብተራ ዘንድ የሄደው ይኸው ዓባይነህ ነበር። ልጁ እሳት፣ ልጅቷ ውሃ፣ ኮከባቸው አይገጥምም ተብሎ ተመለሰ። ሳህሉ ስቆ አገባት።

ሳህሉ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። አንድ ወደ አገሩ የሚመለስ የካቶሊክ ሚሲዮን ሰው ቴሌስኮፑን ሰጠው። በዓይን ሲያዩዋት አንድ የምትመስል ኮከብ በመስተዋቱ ውስጥ ሁለት ሆና ሲያገኛት፣ አንዷ ወርቅማ ቢጫ፣ ሌላዋ ሰማያዊ፣ ከጓሮ ሆኖ ተጣራ። «ነይ አሴ፣ እሳትና ውሃ ጎን ለጎን ሲኖሩ እይ።» አሰጋሽ ግን አንድ ዓይኗን ለይታ መጨፈን አታውቅም፤ ወይ ሁለቱም ይጨፈናሉ፣ ወይ ሁለቱም ይፈጥጣሉ። እሱ ከኋላዋ ቆሞ ግራ ዓይኗን በመዳፉ ሸፈነላት። ጠመኔ ጠመኔ የሚል መዳፍ ነበር። ከዚያ ወዲህ መብራት በሄደ ቁጥር የሚዛን ከተማ ሰው ሲያማርር፣ ሳህሉ ተመስገን ብሎ ወደ ጓሮ ይወጣል፤ እሷም ትከተለዋለች።

የዚያን ዕለትም እንደመሸ መብራት ሄደ። ድንኳኑ ውስጥ ካርታ የሚጫወቱት አጉረመረሙ፤ በሞባይል እያበሩ ሻማ መፈለግ ጀመሩ። አሰጋሽ ሳታስበው ተነሣች፤ እግሯ ለምዶባታል። ዓባይነህ ወዴት ነው ብሎ ተከተላት።

ላስቲኩን ገፈፈች። የታኅሣሥ ሰማይ ጠርቷል። በሰሜን በኩል ተራርቀው በመስመር ከቆሙት ሦስት ኮከቦች የመጨረሻዋን፣ ያችኑ የሳህሉን፣ ፈልጋ ቱቦውን በልማድ አነጣጠረችባት።

«ጋሼ፣ ነገ ይውሰዱት። ዛሬ ግን አንዴ ይዩልኝ።»

ቅር እያለው አጎነበሰ። ብዙ ቆየ።

«ሁለት ናቸው» አለ።

«እሳቷን አዩዋት?»

«አየሁ። ውሃዋንም አየሁ።» ቀና ብሎ አፍንጫውን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። «ነግሮኝ ነበር። ሲያሾፍብኝ መስሎኝ አላየሁለትም።»

አሰጋሽ ላስቲኩን ከመሬት አነሣች።

«እዚሁ ይቁም» አለ ዓባይነህ። «ለሚጠይቅ እኔ እመልሳለሁ።» ይህን ብሎ ወደ ድንኳኑ ተመለሰ።

ኮከብ አንድ ቦታ አይቆምምና፣ አሰጋሽ ቱቦውን በትንሹ ገፋ አድርጋ አጎነበሰች። ሁለቱም ዓይኖቿ ፈጠጡ፤ የረባ ነገር አላየችም። እንዳጎነበሰች ጠበቀች። የምትጠብቀው መዳፉን መሆኑ የገባት ወገቧን ሲያማት ነው። ያን ጊዜ የገዛ እጇን አንሥታ ግራ ዓይኗን ሸፈነች።