የኑራ እናት የት ሄደች

መኪያ ካርቱን አትወድም ነበር። «ሰው በሥዕል ይስቃል፣ በሥዕል ያለቅሳል፤ ምኑ ነው ቁም ነገሩ?» ትላለች። ይህን የምትለው ግን ፊቷን ወደ ቴሌቪዥኑ አዙራ፣ የምትለቅመውን ምስር ከነሰፌዱ ጭኗ ላይ ረስታ ነው። ጉርድ ሾላ ካለው ሱቋ ጀርባ ባለችው ጠባብ ሳሎን ከእህቷ ልጅ ከሱሀይላ ጋር ተቀምጣ ያላየችው የጃፓን ካርቱን አልነበረም። መጥላቷም እውነት ነው፣ ማየቷም እውነት ነው። ሰው እንዲህ ነው።

ዛሬ ልጁ ሁሉ አኒሜ እያለ የሚያብድለት ነገር ያን ጊዜ በሰፈሩ ስም እንኳ አልነበረውም። ዘመኑ 1990 ነው፤ የቪዲዮ ዴክ ያለው ቤት የሚቆጠር፣ ዴክ ያለውም ቢሆን የሚያየው ወይ ሕንድ ወይ ካራቴ ነበር። የመኪያን ቤት ከሌላው የለየው የሱሀይላ እናት ሐሚዳ ናት። ሐሚዳ ጅዳ ሰው ቤት እየሠራች ሱሀይላን እዚያው ወለደች፣ እዚያው አሳደገች፤ ልጅቷ ከፍ ስትል «አገሯን ትወቅ፣ ትማርልኝ» ብላ ለታናሽ እህቷ ለመኪያ ላከቻት። ከዚያ በኋላ ሰው በመጣ ቁጥር በዐረብኛ የተተረጎመ የጃፓን ካርቱን በካሴት ትልካለች። ልጇ ከእሷ ጋር ስታየው የነበረው እንዲጎድልባት አልፈለገችም።

ሱሀይላ ዐረብኛውን እንደ ውሃ ትጠጣዋለች። አማርኛዋ ግን ከእናቷ አፍ ብቻ የለቀመችው የወጥ ቤት አማርኛ ነው። ብዪ፣ ተኚ፣ ልብስሽን አጣጥፊ፣ በሩን ዝጊ፤ ይህን ጥንቅቅ አድርጋ ታውቃለች። ሰው ለቅሶ ቤት፣ ሰርግ ቤት፣ ሽማግሌ ፊት የሚናገረውን አማርኛ ግን ከየት ትስማው? ትምህርት ቤት የሚያስተምሩትም እሱን አይደለም።

ከካርቱኖቹ ሁሉ ነፍሷ የነበረው የኑራ ነው። ጃፓኖቹ ልጅቷን ምን ብለው እንደሰየሟት አላህ ይወቅ፤ ዐረቦቹ ኑራ ብለዋታል። ኑራ ዝናብ በማያባራበት ከተማ ጃንጥላ ከምትሠራ እናቷ ጋር ትኖራለች። በመጀመሪያው ካሴት እናቷ ስታስል ትታያለች። በሁለተኛው ካሴት እናትየዋ የለችም። ኑራ «እናቴስ?» ስትል ጎረቤቷ «ሳፈረት» ትላታለች፤ ተጓዘች ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ኑራ ሱቁን ብቻዋን እየከፈተች፣ ጃንጥላ እየጠገነች ትጠብቃለች። ሦስተኛው ካሴት ገና ከጅዳ አልመጣም ነበር።

የመጣው ሌላ ነገር ነው። በግንቦት አንድ ቀን የሱቁ ስልክ ጮኸ፤ መኪያ አነሳች። ስሟን እንኳ ያልነገረቻት አንዲት ሴት ከጅዳ «የሐሚዳ እህት ነሽ? ሐሚዳ በድንገት ታማ ሞተች። ቀብረናታል። አላህ ያጥናሽ» አለቻት። ከፊቷ አንድ ኪሎ ስኳር የሚጠብቅ ደንበኛ ቆሟል። ከበስተኋላዋ ሱሀይላ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ለሚኒስትሪ ፈተና ታጠናለች። መኪያ «እሺ፣ እሺ፣ እሺ» ብላ ስልኩን ዘጋች፤ ስኳሩን መዘነች፤ መልሱን ሰጠች። ለታላቅ እህቷ ያደረገችው ለቅሶ ይኸው ነው።

ባሏ አብዱልጀባር ነገሩን ሲሰማ ቁርጡን ተናገረ። «ልጅቷ ፈተናዋን ትጨርስ። እስከዚያ ትንፍሽ የሚል እንዳይኖር። ከዚያ ያያ ከደሴ ይመጣና መርዶውን እሱ ያርዳት።» ያያ የሚሉት የሁለቱን እህቶች ታላቅ ወንድም ነው። የሚነቅፈው ይንቀፍ እንጂ በእኛ አገር ወግ ነው፤ መርዶ እንደ ወሬ ተወርውሮ አይሰጥም፣ ሰዓትና ሰው ይመረጥለታል። ለሰፈሩ ግን በሹክሹክታ ተነገረ፤ አንዱ ሳያውቅ መንገድ ላይ አግኝቷት «እናትሽ ደህና ናት?» እንዳይላት ነው።

መኪያም ሐዘኗን እንደ ስንቅ ቋጠረችው። ሱሀይላ ትምህርት ቤት ስትሄድ አለቅሳለሁ ትላለች፤ ያኔ ደንበኛ ይመጣል። ማታ አለቅሳለሁ ትላለች፤ ልጅቷ የምትተኛው አጠገቧ ነው። አንድ ቀን ጓዳ ገብታ የሻሽዋን ጫፍ ነክሳ ልትጀምር ስትል «ኻልቲ፣ አመመሽ?» የሚል ድምፅ መጣ። «ሽንኩርት ነው» አለች፤ በእጇ ሽንኩርት አልነበረም። ሱሀይላ አክስቷን በዐረቦቹ ወግ ኻልቲ ነበር የምትላት።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ አብዱልጀባርን ሁለቱም አግኝተውታል። አይሱዙ ሲነዳ የኖረ ሰው ስልክ ላይም የሚናገረው ከሞተሩ በላይ ነው። አንድ ቀን ከሱቅ ሆኖ ለጓደኛው «አዎ! ሐሚዳማ አረፈች!» ብሎ ሲጮኽ ግቢ ውስጥ ልብስ የምታጥበው ሱሀይላ ሰማች። አረፋ በአረፋ እንደሆነች እየሮጠች ገባች።

«ኻልቲ! እማዬ አረፈች? ሥራ ተወች?»

 ልጅቷ ማረፍን የምታውቀው በእናቷ ቋንቋ ነው። ሐሚዳ ማታ ከሥራ ገብታ እግሯን ዘርግታ «እፎይ፣ አሁን አረፍኩ» ትል ነበር፤ ከዚህ ሌላ ማረፍ መኖሩን ማንም አልነገራትም። መኪያ አንድ ቃል ብቻ መናገር ነበረባት፤ ደግሞም ውሸት አልነበረም።

«አዎ፤ አርፋለች።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች ሱሀይላ፣ በረጠበ እጇ አንገቷ ላይ ተጠምጥማ። «አልሐምዱሊላህ! ጉልበቷን እኮ ያማታል። እንግዲህ ወደዚህ ትመጣለች ማለት ነው!» መኪያ አቅፋት ቆመች። ከመንገድ ማዶ አንድ ወያላ መገናኛ፣ መገናኛ እያለ ይጠራል።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚለው ተረት ለመኪያ አልሠራላትም። እያደር ከበዳት። ልጅቷ የእናቷን አልጋ የት እንደምታደርግ ስታሰላ፣ ሦስተኛውን ካሴት እናቷ ራሷ ይዛው እንደምትመጣ ስታወራ፣ መኪያ «ኢንሻአላህ» ትላለች፤ ኋላ «ያ ረቢ ማረኝ» ትላለች።

ፈተናው ያለቀው ሐሙስ ነው። ያያ በዚያው ቀን ከደሴ ተሳፍሯል፤ አብዱልጀባር ሊቀበለው መናኸሪያ ወርዷል። ሐሳባቸው ሽማግሌው እዚህ አድሮ፣ በማግስቱ ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በኋላ ልጅቷን አስቀምጦ ሊነግራት ነው። መኪያ የቀራት ከሰዓቱን ማሳለፍ ብቻ ነበር። ዝናቡ ሲበረታ ሱቁን ዘጋችና ምስሯን ይዛ ሳሎን ገባች።

እዚያ የጎረቤቷ የጫልቱ ልጅ ጋዲሳ ዴኩን ፈታቶ ካሴቱን የሚያነበውን ሄዱን በአልኮል ይጠርጋል። የጫልቱ ቤተሰብ አያት ቅድመ አያቶቹ ይህ ሁሉ ጤፍ የሚዘራበት ማሳ ሳለ ጀምሮ እዚሁ የነበሩ ናቸው፤ ጋዲሳ ግን ጥርሱን የነቀለው በሽቦና በብየዳ ነው፣ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ይማራል። ጥሩ ልጅ ነው፤ አፉ ላይ ግን ክዳን የለውም። እናቱ ይህን ስለምታውቅ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ለእሱ አልነገረችውም።

«በል እንሞክረው» አለች ሱሀይላ፣ የኑራን ሁለተኛ ካሴት እየከተተች። ፈተና ስለጨረሰች ፊቷ በርቷል።

«አቦ፣ ሌላ የለም?» አለ ጋዲሳ። «ዓይናቸው የሻይ ስኒ የሚያክል ሰዎች! አንድ ካራቴ እንኳ አይማቱም።»

«ካራቴህን ቤትህ እይ። ካርቱን ውስጥ ሰው አይሞትም፤ ለዚህ ነው የምወደው።»

«አይሞትም? የዚች ልጅ እናት ሞታ የለ እንዴ?»

የመኪያ እጅ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ማን ሞተ?» ሳቀች ሱሀይላ። «ሳፈረት ነው የሚሉት። ተጓዘች። ዐረብኛ ታውቃለህ?»

«ዐረብኛ አላውቅም፤ ዓይን ግን አለኝ። እዪ፣ እዪ፣ እዚህ ጋ አቁሚው። ፎቶዋን መደርደሪያ ላይ አድርገው ፊቱ ሩዝ አስቀምጠዋል። ሰዉ ሁሉ ጥቁር ለብሷል። ደሞ ልጅቷ ስትገባ ወሬያቸውን ሲያቋርጡ አታዪም? ሰው መንገድ ሄደ ተብሎ ጎረቤት እንዲህ ይሰበሰባል?»

«ጋዲሳ» አለች መኪያ፣ «ዴኩ ከተሠራ ተወውና ሂድ፤ እናትህ ትፈልግሃለች።»

«እሺ፣ እትዬ መኪያ፣ ይህቺን ላስረዳትና። ዐረቦቹ ልጆች እንዳያለቅሱ ብለው ቃሉን ቀየሩት። ሥዕሉን ግን መቀየር አልቻሉም።»

«አንተ ሁሉንም ነገር ካልገደልክ አይጥምህም!» ሱሀይላ ተናደደች። «ልጅን እንዲህ ይዋሻሉ እንዴ? ደግ ሰው ይህን አያደርግም። ትመለሳለች፤ ሦስተኛው ላይ ታያለህ።»

«የእኔ ካራቴ ቢያንስ የሞተውን ሞተ ይላል» አለ ጋዲሳ እየሳቀ፣ ብሎኑን እያጠበቀ። «ይልቅ በአማርኛ ቢሆን ተጓዘች አይባልም ነበር። የእኛ ሰው ሞተች ማለት ሲከብደው አረፈች ነው የሚለው።»

«ምን?»

«አረፈች። ሞተች ማለት ነው። አታውቂም እንዴ?»

ሱሀይላ ዞራ አክስቷን አየች።

መኪያ ማምለጫው ነበራት። ቃሉ ሁለት ትርጉም አለው፤ አረፈ ማለት ከድካሙ እፎይ አለ ማለትም ነው፤ ይህን ማንም አማርኛ የሚያውቅ ይመሰክርላታል። «እሱ ሌላ ነው፣ የእናትሽ ሌላ ነው» ብትል ልጅቷ ታምናት ነበር፤ ማመን ትፈልጋለችና። ያያ እስኪደርስ የቀረው ጥቂት ነው። አፏን ከፈተች። የሐሚዳ ዓይን ከሐሚዳ ልጅ ፊት ላይ አፍጥጦ ሲያያት አፏ ተከፍቶ ቀረ።

«ኻልቲ» አለች ሱሀይላ ቀስ ብላ፣ «እኔ እኮ አልሐምዱሊላህ ብያለሁ።»

ለጋዲሳ ነገሩ የገባው ይሄኔ ነው። መፍቻው ከእጁ ወደቀ፤ «ወይኔ!» ብሎ እየተደናቀፈ ወጣ። ኑራ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ጃንጥላዋን ዘርግታ ታወራለች፤ ማንም አልሰማትም፤ ሱሀይላ አጠፋችው።

«መቼ?» አለች።

«በግንቦት። ልጄ፣ ፈተናሽን እስክትጨርሺ ብለን ነው እንጂ...»

«ማን ነገረሽ?»

«የማላውቃት ሴት። በስልክ።»

«ከዚያስ? አለቀስሽ?»

መኪያ የለም በሚል አንገቷን ነቀነቀች። «አንቺ ከኋላዬ ታጠኚ ነበር» አለች። «ስኳር የሚጠብቅ ሰው ነበረ። መዝኜ ሰጠሁት።»

ሱሀይላ አክስቷን አየቻት። የጓዳው ሽንኩርት፣ ሌሊት ሌሊት የምትሰማው መገላበጥ፣ ለቅሶ ስታፍን ነክሳ ያቆሰለችው ከንፈሯ ምን እንደሆነ ሁሉም በአንዴ ሳይገባት አልቀረም። የራሷ እንባ ገና ሩቅ ነበር። መርዶ ሲነገር በሰፈሩ አንድ ጊዜ በበር ቀዳዳ አይታለች፤ ሰውየውን አስቀምጠው፣ ግራና ቀኝ ደግፈው፣ እጁን ይዘው ነበር የነገሩት። ሰፌዱን ከመኪያ ጭን አነሳችና ወለሉ ላይ ባለው ፍራሽ አስቀመጠቻት። እፊቷ ተንበረከከች። ሁለት እጆቿን ያዘች።

«ኻልቲ» አለች፣ «እህትሽ ሐሚዳ ሞታለች።»

መኪያ በስልክ ከባዕድ ሰው የሰማችው ወሬ ያን ቀን መርዶ ሆነ። ሞታለች የሚለውን ቃል ከሰው ፊት፣ ከሥጋ ዘመድ አፍ የሰማችው ገና አሁን ነው። «እህቴን!» አለች፤ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ቀጥሎ ቤቱን በሚያናጋ ጩኸት። «ሐሚዳዬ! እናቴ! ሳልቀብርሽ! ስኳር እየመዘንኩ!» እያለች ደረቷን ስትመታ ሱሀይላ እጇን እየያዘች፣ «አልቅሺ፣ ኻልቲ፣ አልቅሺ፤ እኔ አለሁ» ትላታለች። የሚጽናናውና የሚያጽናናው ቦታ ተለዋውጠዋል፤ መኪያ ይህን ታውቃለች፣ ታፍራለችም፤ ማቆም ግን አልቻለችም።

በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የገባችው ጫልቱ ናት፤ ጥቁር ሻሽ አስራለች። ከኋላዋ የልብስ ሰፊው ሚስት፣ ከእሷ ቀጥሎ የማዕዘኑ ዳቦ ቤት ባለቤት ሽማግሌው ወልደጊዮርጊስ፣ ከዚያ የመስጊዱ ጎረቤቶች፣ ሁሉም ዝናብ እየመታቸው ገቡ። አንዷ ፍራሽ ተሸክማለች፣ ሌላዋ ብርጭቆዎች በዘንቢል ይዛለች። ሴቶቹ «ሐሚዳን! ሐሚዳን!» እያሉ መኪያን ከበቧት። ትንሽ ቆይቶ አብዱልጀባርና ያያ ደረሱ፤ ሽማግሌው ከደሴ ጀምሮ መንገዱን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ የመጣውን ንግግር ይዞ በሩ ላይ ቀረ።

ሱሀይላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ የሚገቡትን አንድ በአንድ ታያቸዋለች። ጠዋት ፈተናው ይቅናሽ ያሏት ናቸው። ትናንት ዳቦ የሸጡላት፣ ባለፈው ሳምንት ስለ እናቷ መምጣት ስታወራ አንገታቸውን ደፍተው የሰሟት ናቸው። መኪያ በእንባዋ መሐል ቀና ስትል የልጅቷን ፊት አየች፤ ምን እንደምትጠብቅም ገባት፤ ሳያውቅ የመጣ አንድ ሰው እንኳ ቢኖር ብላ ነው።

ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ሱሀይላ ያለቀሰችው ያኔ ነው።