ከሃያ ስድስቱ እሁዶች አንዱ

ኢቨር ጣሳው ከአጥሩ እንጨት ጋር የታሰረበትን ሽቦ በጉጠት ቆረጠና ጣሳውን በሁለት እጁ አቅፎ ወደ ቤት ተመለሰ። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ደረጃዋን በእግሩ ጫፍ ፈለጋት። ዶሊና ክንዱን ልትይዘው እጇን ዘረጋችና ተወችው። ታላቅ እህቱ ናት፤ ሲደግፉት እንደማይወድ ታውቃለች።

«ስድስት ወር ሙሉ፣ እቴ!» አላት። «ከታኅሣሥ እስከ ዛሬ። አንድ ቀን እንኳ አልነካሁትም።»

«አውቃለሁ» አለች ዶሊና። እሱ አልነካውም፤ እሷ ግን ነክታዋለች።

ነገሩ ቀላል ነው። ባዶ የቢራ ጣሳ፣ ውስጡ ቁራጭ የፎቶ ወረቀት፣ ጎኑ ላይ በመርፌ የተበሳች ቀዳዳ። ፀሐይ በሰማይ ላይ ባለፈች ቁጥር ብርሃኗ በቀዳዳዋ ገብቶ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ያሰምራል፤ የነገው ከዛሬው ትንሽ ከፍ ይላል። ኢቨር ስቶርኖዌይ ከተማ ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ አስተምሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ፎቶ ማንሳት ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ያልለቀቀው አባዜ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እዚህ፣ በሉዊስ ደሴት ጫፍ፣ እህቱ ቤት ይኖራል። በሚያዝያ የዓይን ሐኪሙ ቁርጡን ነገረው፤ የዓይኑ መሃል እየሞተ ነው፤ ከመጪው ገና በኋላ ፊደልም ሆነ የሰው ፊት አይለይም። ካሜራዎቹን ለፎቶ ክበቡ አባላት አከፋፈለ። የቀረችው ለክበቡ የፎቶ ውድድር ያሰባት ይህች ጣሳ ብቻ ነበረች።

ዶሊና በሰባ ስምንት ዓመቷ ሰንበት ሽራ አታውቅም። ቅዳሜ ማታ የእሁዱ ድንች ይላጣል፣ ማገዶው ይገባል፣ የተሰጣው ልብስ ከገመድ ላይ ይወርዳል። እሁድ እሷ ቤት ምንም አይሠራም። ታኅሣሥ ላይ ጣሳውን ሲያስር ኢቨር በኩራት፣ «ይሄ ካሜራ እኮ እረፍት የለውም፤ እኛ ቤተ ክርስቲያን ብንቀመጥም ሥራውን ይሠራል» አላት። ለነገሩ ቤተ ክርስቲያን የምትቀመጠው እሷ ብቻ ናት። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። በዚያው ማታ፣ እሱ ሬዲዮ ሲያዳምጥ፣ ከወፍራም የሱፍ ካልሲዎቹ አንዱን ይዛ ወጣችና ጣሳውን አለበሰችው። ሰኞ ጎህ ሲቀድ አወለቀችለት። እንዲህ ስታለብስና ስታወልቅ ስድስት ወር ሞላ።

ልትነግረው ሳታስብ ቀርታ አይደለም። መጀመሪያ እንዳይስቅባት ፈራች፤ ከሚያዝያ በኋላ ደግሞ እንዳያለቅስ።

ኢቨር ጣሳውን በመቀስ ቀዶ ወረቀቱን ስካነሩ ላይ አስተኛው። ጥቂት ቆይቶ ምስሉ ስክሪኑ ላይ መጣ። ከታች ረግረጉና የጎረቤቱ ጭስ ማውጫ፣ ወዲያ ማዶ ባሕሩ፤ ከሁሉም በላይ ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር የሞሉት የፀሐይ ቅስቶች፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርድረው። ዶሊና ሳታስበው እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ንገሪኝ እንጂ! እንዴት ነው?»

«ያምራል፣ ኢቨር። በጣም ያምራል።»

«ለእኔ ሁሉም አንድ ላይ ተደባልቆብኛል።» ፊቱን ወደ ጎን አዘንብሎ በቀረችው የዓይኑ ዳር ሊያይ ይታገላል። «እስቲ ቁጠሪልኝ። ከመጋቢት ወዲህ ያሉት ተራራቅ ስለሚሉ ከእነሱ ጀምሪ። ከታች ወደ ላይ በጣትሽ እየነካሽ ቁጠሪ፤ የጎደለ ካለ ንገሪኝ።»

ዶሊና ጣቷን አስጠጋች። አንድ፣ ሁለት፣ እያለች ስድስት ደረሰች። ከስድስተኛው በላይ ጥቁር ባዶ ቦታ። ከዚያ ስድስት መስመር፤ ከዚያ እንደገና ባዶ።

«ሰባት» አለች። «ስምንት፣ ዘጠኝ…» አርባ እስክትደርስ አላቆመችም።

«የጎደለ የለም?»

«የለም።»

ኢቨር ከወንበሩ ብድግ አለ። «በዚህ ደሴት! አርባ ቀን ሳይቋረጥ! ዘንድሮ ደረቅ ነው ብለን ብለን… ክበቡ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም። የክበባችን ሰው ሮሪ ጋ ልደውል፣ ማስመሪያውን ይዞ መጥቶ ይለካልኝ።» ስልኩን በዳበሳ ፈልጎ አገኘው። ፊቱ ከሚያዝያ ወዲህ እንዲህ በርቶ አያውቅም።

ሮሪ ደህና ዓይን አለው። መጥቶ ያያል፤ ካየ በኋላ ክበቡ በሙሉ በኢቨር ይስቃል። ዶሊናን የከበዳት ግን ይህ ብቻ አልነበረም። ወንድሟ ዓይኗን አምኖ ነው የጠየቃት። ከእንግዲህ የሚያየው በእሷ ዓይን ነው፤ እሷ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ዋሸችው።

«ስልኩን አስቀምጠው» አለች። «ዋሽቼሃለሁ። በየስድስቱ አንድ ይጎድላል።»

«በየስድስቱ? ደመና ቀን መቁጠሪያ ያነባል እንዴ?»

«ደመና አይደለም። እኔ ነኝ። እሁድ እሁድ በካልሲህ እሸፍነው ነበር።»

ኢቨር ስልኩን እንደያዘ ቀረ።

«የመጨረሻ ፎቶዬ እንደሆነ ታውቂያለሽ አይደል?» አለ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ።»

«ፀሐይ እኮ አትሠራም፣ ዶሊና። የምትዞረው መሬት ናት። እዚሁ ጠረጴዛ ላይ በብርቱካን አሳይቼሻለሁ።»

«አሳይተኸኛል፤ ገብቶኛልም። ፀሐይን ማን ረፊ አላት? የታዘዝኩት እኔ ነኝ። አጥሩ ደግሞ የእኔ ነው።»

«በጎችሽስ? እሁድ ሲግጡ ለምን አፋቸውን አትሸፍኚም?»

«በጎቼ ፎቶ ውድድር አይገቡማ!»

ኢቨር ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን ሳቅ ነበር። ቁጣው አልለቀቀውም፣ ሳቁም አልለቀቀው። «እናታችን አውራ ዶሮውን ቅዳሜ ማታ ቅርጫት ትደፋበት ነበር፣ ከሴቶቹ ጋር ሰንበት እንዳይሽር ብላ። አንቺ ደግሞ ብለሽ ብለሽ ፀሐይን!» ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገና ተቀመጠ። «በይ እሺ። አሁን እውነቱን ቁጠሪልኝ።»

ቆጠረች። ስድስት፣ ባዶ። ስድስት፣ ባዶ። በየመሃሉ ዝም ትላለች፤ ኢቨርም ዝምታዋን ይቆጥራል። ወደ መሃል ስትደርስ ግን ሰባት አለች፣ ስምንት አለች፣ አሥራ ሦስት ላይ ቆመች።

«አሥራ ሦስት? እንደገና ዋሸሽኝ?»

«አልዋሸሁም። አሥራ ሦስት ነው።»

ኢቨር በጣቶቹ ሳምንቶቹን አሰላ። «ይሄ ሚያዝያ ላይ ነው። ያን እሁድ ምን ሆንሽ?»

ዶሊና ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። «ከሐኪም ቤት የተመለስንበት ሳምንት ነው። ቅዳሜ ማታ ካልሲውን ይዤ አጥሩ ድረስ ሄጃለሁ። ይሄ ልጅ ስንት የብርሃን ቀን ቀረውና ነው አንዷን ደግሞ እኔ የምወስድበት ብዬ ተመለስኩ። በማግስቱ ፓስተሩ ምን እንደሰበከ አልሰማሁም። ቁጭ ብዬ ጣሳውን ብቻ ሳስብ ዋልኩ።»

«ታዲያ በሚቀጥለው ሳምንት ለምን ሸፈንሽው?»

«ፈራሁ። ስለ ዓይንህ አምላክን እየለመንኩ ትእዛዙን ብሽር ማን ይሰማኛል ብዬ።»

«እቴ፣ ይሄ በሽታ ስለ ካልሲ የሚያውቀው ነገር የለም።»

«አውቃለሁ። ግን ሌላ ምን ላደርግልህ እችል ነበር?»

ኢቨር እጇን ፈልጎ ያዘ። ይወዳት ነበር፤ በልጅነቱ ካሳደገችው ጊዜ ጀምሮ ይወዳታል። ይህን ያህል እንደምትወደው ግን እስከ ዛሬ አላወቀም ነበር። እሱ ለሠላሳ ዓመት ልጆችን ሲያስተምር መረጃ የሌለውን ነገር አትመኑ ይል ነበር፤ አሁን መረጃው እፊቱ ስክሪን ላይ ተሰምሯል፣ እሱ ግን ሊያየው አይችልም።

«የውድድሩ ፎርም የት አለ?» አለ። «ክበቡ እስከ ሰኞ ነው የሚቀበለው። ጻፊልኝ። በፎቶ አንሺው ስም ቦታ የሁለታችንንም።»

«የእኔን? ሰው ምን ይለኛል!»

«ግማሹን ያነሳሽው አንቺ ነሽ። ጻፊ።»

ጻፈች። ቀጥሎ ወረቀቱ ለብርሃን የተጋለጠበት ጊዜ ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር ነበር። ኢቨር ጥቂት አሰበ።

«ጠቅላላው መቶ ሰማንያ ሁለት ቀን ነው። እሁዶቹ ሃያ ስድስት ናቸው። ያልሸፈንሻትንም ጨምረሽ ሁሉንም ቀንሺና መቶ ሃምሳ ስድስት በይ። የውድድሩ ኤግዚቢሽን የሚታየው መንደራችን አዳራሽ ነው፤ ፓስተሩም ሽማግሌዎቹም ይመጣሉ፤ እውነቱን ከጻፍሽ ሲያሰሉ ውለው አንዷን እሁድ ያገኙብሻል። እሷ በእኔና በአንቺ መሃል ትቅር።»

ዶሊና እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አስቀምጣ ቆየች። የጻፈችውን እሱ አያይም፤ ያነበበችለትን ሁሉ ያምናታል። ቁጥሩን ጻፈችና ፎርሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ ይዛ አነበበችለት፤

«መቶ ሃምሳ ሰባት ቀን።»