የዘመነ ዋሴ ተራ

ባሌ ዋሴ ከሞተ በኋላ ሁለት ጊዜ ተራራው ላይ፣ ጨነቅ ከሚባለው ሰፈር ደርሶ ተመልሷል። ቀልዴን አይደለም፤ የማኅበራችን ደንብ ነው። ከደባርቅ የቱሪስት ዕቃ ጭነን ተራራ የምንወጣ ባለ በቅሎዎች የምንሠራው በተራ ነው። ጠዋት ጠዋት ተራ አስከባሪው ልደቱ መዝገቡን ገልጦ ስም ይጠራል። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ «አቤት» ያላለ ተራው ያልፈዋል፤ እንደገና እስኪደርሰው ሦስት ሳምንት ይቀመጣል። የሞተ ሰው ስም ደግሞ አርባው ሳይወጣ አይፋቅም። ስለዚህ ልደቱ «ዋሴ ቢራራ!» ሲል እኔ «አቤት!» እያልኩ፣ ሕፃኑን አዝዬ በቅሎዬን ነዳሁ። ያኔ ሴትነቴ ለማንም አልታየም።

አርባው በወጣ ማግስት ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበራችን አቶ ሀብተ ሚካኤል፣ «የዋሴ ስም ይፋቅ፤ ከቤቱ ወንድ ካለ ይተካ» አሉ። እጄን አወጣሁ።

«ተናገሪ፤ ግን አሳጥሪው።»

«አቶ ሀብተ ሚካኤል፣ እርስዎም ያውቃሉ። ዋሴ ታሞ የተኛ ጊዜ ዓመት ሙሉ በቅሎዋን የነዳሁ እኔ ነኝ። ዳገት ላይ ጭነት ሲያጋድል የእናንተን መጫኛ ሳይቀር ያጠበቅሁ እኔ ነኝ። ምጽዋት አልጠየቅሁም። አመተ ማርያም የሚባል ስም አለኝ፤ እሱ መዝገባችሁ ላይ ይግባ።»

ከኋላ አንዱ፣ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ!» አለና ቤቱ በሳቅ ሞላ። ቆሽቴ አረረ።

«እንግዲያስ ወንዱን አምጡልኛ! የኔው መቃብር ነው ያለው።»

 ወደ በሩ ዞርኩ። እዚያ ስጦታ ቆማ ነበር፤ ባሏ ሲሞት ተራውንም በቅሎዋንም የባሏ ወንድም የወሰደባት። «አንቺም ተናገሪ እንጂ» አልኳት። የባሏ ወንድም ከፊት ወንበር ዞር ብሎ አያት። እሷም ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ፣ «ዝም አይነቅዝም፣ እቴ» አለች። አልፈረድኩባትም፤ የምትኖረው በሰውየው ቤት ነው።

አቶ ሀብተ ሚካኤል ክፉ ሰው ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። ጥቂት አሰቡና፣ «ልጄ፣ አንገፋሽም» አሉኝ። «ወንድ ልጅ አለሽ አይደል? የሱን ስም እንጽፋለን። ነጂዋ አንቺው ነሽ።»

ልጄ ዘመነ የዐሥራ አራት ወር ሕፃን ነው። ጀርባዬ ላይ ተኝቶ ለሃጩን ያዝረከርካል።

«ትልቋ ልጄ እስከዳርስ?» አልኩ። «ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ መጫን ታውቃለች። እሷም ልጁ ናት።»

«እሷማ ነገ የሰው ናት» አሉ።

ቤቱ አጨበጨበ። ልደቱ ዋሴን ፋቀና «ዘመነ ዋሴ» ብሎ ጻፈ። አራት ጥርስ ያለው ሰውዬ የማኅበር አባል ሆነ። እኔ ግን ስሜን ካልጠሩ አፌን ላልከፍት ማልኩ፤ እስከዳርም ስምል ሰማችኝ።

ተራው የደረሰ ዕለት ጭጋጉ ገና አልተገፈፈም ነበር። ቤት ያለችው ገብስ ከሳምንት አታልፍም። እስከዳር በቅሎዋን ይዛ ከጎኔ ቆማለች።

«ዘመነ ዋሴ!»

 ልደቱ ቀና ብሎ አየኝ። «ምናለ፣ አመተ ማርያም፣ አቤት ብትይ?»

«ይኸው ስሜን ታውቀው የለም? ከመዝገቡ ጥራኝ።»

አንገቱን አከከ። ወንዶቹ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ደንብ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ» አለ።

«ዘመነ ዋሴ!»

 ፈራሁ፤ መፍራቴን አልደብቅም። ሦስት ሳምንት በምን እንደምንቆይ አላውቅም። ቢሆንም አሁን አቤት ብል ዕድሜ ልኬን በሰው ስም አቤት የምል መሰለኝ። ልደቱም ሆን ብሎ ዘገየ፤ ያዘነልኝ ይመስለኛል።

«ዘመነ ዋሴ!»

«አቤት!»

የእስከዳር ድምፅ ነው። ልጅቷ ድምፅዋን እንደ ወንድ አወፍራ ነበር የመለሰችው። ወንዶቹ «ጎበዝ! የአባቷ ልጅ!» አሏት። እኔን ሳታይ በቅሎዋን ስባ ወደ ጭነቱ ሄደች።

በወንድ ስም አቤት ማለትን፣ እኔ ለመልመድ ዓመት የፈጀብኝን፣ እሷ በአንድ ጠዋት ለመደችው።