ወንድሜ ማሳዬን የለካ ዕለት

ወንድሜ ሀቢቡላህ የቡና ማሳዬን በገመድ ሲለካ እኔ ገና አልሞትኩም ነበር። ከተማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ባለው ቤቴ ተኝቼ፣ የወገቤና የጎድኔ አጥንት እየሳሳ ያስጮኸኝ ነበር እንጂ ትንፋሼ አለች። እሱ ግን ማሳው ያለበት አሰንዳቦ ሄዶ፣ ከአባታችን የደረሰኝን ድርሻ ከጥግ እስከ ጥግ ለካው። ልጅ የለኝም፤ ብሞት ወራሼ እሱ ነው። በቁም መቅበር ማለት ይህ ነው። አይታ የነገረችኝ ሳቢሃ ናት።

ሳቢሃ ሚስቱ ነበረች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቡናውን ለቀመች፣ አደረቀች፤ በመጨረሻ ባዶ እጇን ፈታት። እኔ ስወድቅ ያነሳችኝ፣ ለሕክምናው መርፌ አዲስ አበባ ድረስ በአውቶብስ ይዛኝ የተመላለሰችው እሷ ናት። የገመዱን ነገር እንደሰማሁ ወሰንኩ፤ ማሳው የሳቢሃ ይሆናል። የጣላት ሴት አጠገቡ ባለማሳ ሆና እያያት ይቃጠል።

ሽማግሌ ጠራሁ። ሀቢቡላህ ሃይማኖት ትዝ የሚለው ሲጠቅመው ነው። «በሞት በሽታ ላይ ያለ ሰው ስጦታ ከሲሶ በላይ አይጸናም» አለ።

የሽማግሌዎቹ መሪ ሼህ ቲጃኒ፣ «እውነቱን ነው» አሉ። «ማሎ፣ እባክሽ ፈድሊያ፣ መጀመሪያ ተነሺ። በእግርሽ ቆመሽ፣ ሠርተሽ እንይሽ። ያኔ ብትሰጪ ማንም አይከለክልሽም።»

ሀቢቡላህ ሲወጣ ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።

በሽታው መልቲፕል ማይሎማ፣ የመቅኔ ካንሰር መሆኑን የነገረኝ አዲስ አበባ የሚያክመኝ ዶክተር ናኦድ ነው። «ስንት ዓመት አለኝ?» አልኩት።

«የዛሬ ሠላሳ ዓመት ግድም ከመቶ ታማሚ አምስት ዓመት የሚያልፈው ሠላሳው ያህል ነበር። አሁን መድኃኒቱ እንደልብ በሚገኝበት አገር ወደ ስልሳ ደርሷል። እኛ ጋ ከባዱ ሳያቋርጡ ማግኘቱ ነው።»

«አላቋርጥም» አልኩት። ሌላው ለልጆቹ ብሎ ይታከማል፤ እኔ ለክፋቴ ስል ክኒኔን ዋጥኩ። አፌ ሲመር፣ ጣቶቼ ሲደነዝዙ የወንድሜን ስም እጠራለሁ። ምሳዬም ራቴም እልህ ሆኖ አራት ዓመት ኖርኩ።

ባለፈው ኅዳር ሽማግሌዎቹን ማሳው ድረስ ጠራኋቸው። ቡናው ቀልቷል። ቅርጫቴን ወገቤ ላይ አስሬ መልቀም ጀመርኩ። ሀቢቡላህ መቼ ትወድቃለች እያለ ዓይኑን አልነቀለም። ከሳምንት ወዲህ ደግሞ ጎድኔ ሥር የማውቀው ሕመም ተመልሶ ነበር፤ ለሳቢሃ እንኳ አልተነፈስኩም። ቅርንጫፍ ጎንበስ ባደረግኩ ቁጥር ላብ በጀርባዬ ይወርዳል። ጥርሴን ነክሼ ለቀምኩ፤ ስለ ዝናቡ አወራኋቸው፤ ሳቅኩም። ቅርጫቱ ሞላ።

ሼህ ቲጃኒ ወደ ወንድሜ ዞሩ። «ይህች ሴት በሞት በሽታ ላይ ናት?»

«ውስጧን ማን ያውቃል?»

«ውስጡ የአላህ ነው። እኛ በምናየው እንፈርዳለን።»

ሽማግሌዎቹ የስጦታውን ወረቀት ፈረሙ። ሳቢሃ አለቀሰች። ሀቢቡላህ ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ፣ «የአባቴን መሬት ለባዕድ ሰጠሽ» አለኝ።

«ባዕድስ አንተ ነህ» አልኩት።

በሳምንቱ ዶክተር ናኦድ የደም ምርመራዬን አይቶ ፊቱ ጠቆረ። «ተመልሷል» አለኝ። «ሌላ መድኃኒት አለ፤ ግን ይከብዳል። መቀጠል ይፈልጋሉ?»

«ዶክተር፣ ሳቢሃ ዘንድሮ የራሷን ቡና ትለቅማለች። ሀቢቡላህ ጠዋት ማታ በዚያ ነው የሚያልፈው። ሲቃጠል አንድ ለቀማ ብቻ አይቼ አልጠግብም» አልኩና ክንዴን ዘረጋሁለት።