የቀኙ የኋላ ጎማ

ሸርባዝ ፍሬን ረገጠ፤ መኪናው ቆመ። እግሩን ሲያነሳ ግን ከኋላ «ቋ» አለ። ደግሞ ረገጠ፣ ለቀቀ። ቋ።

«በቃ፣ መካኒኩ ሰርቆኛል» አለ ለራሱ።

ከጋራዥ ከወጣ ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ አልሞላውም። የኋላ ፍሬን ሸራው በሙሉ ዛሬ ጠዋት ነው የተቀየረለት። የጫነው አሥር ቶን ሽንኩርት ነው፤ ከፊቱ ያለው ደግሞ የማላካንድ ቁልቁለት። እዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ያለው የአጎቱ ልጅ ይኸው ወር ሙሉ ከአልጋ አልወረደም። መኪናውን አዙሮ ጋራዡ ወዳለባት ከተማ ወደ ባትኬላ ተመለሰ።

መካኒኩ ዛርዋሊ፣ ሰው ሁሉ ለሙያው አክብሮ ኡስታድ የሚለው፣ ሻዩን ከእጁ ሳያስቀምጥ አዳመጠው። ከዚያ የመኪናውን መከላከያ አየ። ሰንሰለትና ቃጭል ለጌጥ ከዳር እዳር ተንጠልጥሎበታል።

«ይሄን ሁሉ አንጠልጥለህ ነው ጮኸብኝ የምትለው? ሠርግ ቤት ገብተህ ከበሮ ሰማሁ በለኛ።»

«ሰንሰለቶቼን አውቃቸዋለሁ ኡስታድ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ኖረናል። ይሄ የእነሱ ድምፅ አይደለም።»

ዛርዋሊ ይፈቱ አለ። ሸርባዝ እምቢ አለ፤ ከተፈቱ ማን ይጠብቃቸዋል? በመጨረሻ በጆንያ ጠቅልለው አሰሯቸውና ነዱት። ቋ።

ኡስታዱ የኋላውን በክሪክ አንስቶ ጎማውን በእጁ አዞረው፤ ምንም የለም። ሸርባዝ ጋቢና ገብቶ ረግጦ ሲለቅ ግን ቀኙ ጮኸ።

ሸርባዝ ምን እንደሆነ የሚያውቅ መሰለው። ጠዋት ከሸራው ጋር የተገጠሙትን የፍሬን ሞላዎች ያመጣው እሱ ራሱ ነው፤ በካቡል ዞሮ የሚመጣ የጃፓን አሮጌ ዕቃ፣ ሾፌሩ ሁሉ አገር ውስጥ ከተሠራ አዲስ አስበልጦ የሚምልበት። ኡስታዱ አዲስ ይሻልሃል ቢለው፣ ሊሸጥልኝ ነው ብሎ አልሰማውም። ጃፓኖቹን ደብቆ ርካሽ ቢገጥምብኝስ ብሎም ጫፋቸውን በድብቅ ቀይ ቀብቷቸው ነበር። አሁን ይታያል።

ሸራውንና ሞላዎቹን የሚከድነው ታምቡር ወጣ። የሞላዎቹ ጫፍ ቀይ ነው።

ሸርባዝ በጥፍሩ ፈቀፈቀው። የራሱ ቀለም ነው።

«ለውበት ነው የቀባሃቸው?» አለ ዛርዋሊ።

ሸርባዝ ጥፍሩ ላይ የቀረውን ቀለም በሱሪው ጠረገ።

«ገባኝ።» ኡስታዱ አንዷን ሞላ ፈትቶ ከአዲስ ጋር ጎን ለጎን ያዛት። የጃፓኗ በጣት ስፋት ትረዝማለች። «ተለጥጣ አልቃለች። ፍሬን ስትለቅ ሸራውን ቶሎ አትስበውም፤ ዘግይታ በአንዴ ትወረውረዋለች። እሱ ነው ጩኸቱ። ቁልቁለት ላይ ሸራው እየታከከ ይግላል፣ ከዚያ ፍሬን የሚባል ነገር የለህም። ጃፓን መሠራቷስ ልክ ነው። ግን ሌላ ሰው ጨርሷት ነው ያንተ እጅ የገባችው።»

የቀኙን በአዲስ ቀየረው። ሸርባዝ ረገጠ፣ ለቀቀ። ጸጥ አለ።

«ግራውስ?»

«ግራው አልጮኸም። ያንተ መኪና ነው። ነገ ሊሸጥልኝ ነው እንድትል አልፈልግም።»

ይህን ብሎ ኡስታዱ እጁን ጠረገና የቀዘቀዘ ሻዩን አነሳ። ሸርባዝ ቆሞ አየው። አለመጎትጎቱም አጠራጠረው፤ ይሄም አንድ ዘዴ ይሆናል።  ከዚያ የጎማ መፍቻውን ከመሬት አነሳና በመኪናው ኋላ ዞሮ የግራውን ጎማ ብሎኖች ማላላት ጀመረ።